ፍንጭት

ከዶርማችን በስተጀርባ የጧት ፀሐይ የሚያርፍበት አንድ አጭር የድንጋይ አጥር አለ። «ድድ ማስጫ» እንለዋለን። ስሙ የኛ ፈጠራ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሥራ ፈትቶ ተደርድሮ የሚስቅበትን ቦታ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው። ሰው አፉን ከፍቶ ሲስቅ ድዱ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል ለማለት ነው። እኛም ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል በሌለን ሰዓት፣ አንዳንዴም ክፍል ባለን ሰዓት፣ እዚያ አጥር ላይ ድዳችንን ስናሰጣ ኖረናል። ዳሩ ግን ከስድስታችን መሀል የአንዳችን ድድ ከሥሩ እያለቀ መሆኑን አላየንም። ድድ ማስጫ ላይ ተቀምጦ ድድ አለማየት! ይህን ጽሑፍ ያጻፈንም ይኸው ነው።

የልጁን ስም አንጽፍም። «ጻፉ፣ ግን ስሜ እንዳይወጣ» ብሎናል፤ ጽፈን ስንጨርስም አንብቦ ሁለት ቦታ ሰርዞብናል። በዶርም ባለፍንጭቱ እንለዋለን። ስሙ የወጣለት በአንደኛ ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። ወደ ግቢ ሲመጣ ፍንጭት አልነበረውም። የፍሬሽ ጊዜ ፎቶግራፋችንን አውጥተን ስናይ የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቹ እንደ አዲስ ሙሽሮች ተጠጋግተው ይታያሉ። በዓመቱ መሀላቸው ትንሽ ብርሃን ገባ። በሁለተኛው ዓመት የክብሪት እንጨት የሚያሳልፍ ሆነ።

መቸም አገራችን ፍንጭትን እንዴት እንደምትወድ ለአንባቢ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የሴት ልጅ ውበት ሲዘረዘር ፍንጭቷ ሳይጠራ አይታለፍም፤ ዘፋኙም ገጣሚውም ተሻምቶበታል። ወንድም ቢሆን ፍንጭት ካለው ሳቁ ያምራል። ስለዚህ ደስ አለን። «እግዜር ዘግይቶ ሰጠህ» አልነው። አንዲት የባቻችን ልጅ ከቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ አስቁማ «ፍንጭትህ እንዴት ታምራለች!» ብላው ለአንድ ሳምንት ያህል እግሩ መሬት አልነካም ነበር። እናቱም ክረምት ላይ አገሩ ሲገባ አገጩን ይዛ አይታ «ያባቴ ፍንጭት ወጣለት!» ብላ ጎረቤት ጠርታለች አሉ።

ለካስ ሰው በሃያ ዓመቱ እንዲያው ዝም ብሎ ፍንጭት አያወጣም። ጥርሶቹ የተራራቁት የያዛቸው አጥንት እየከዳቸው ነበር።

ወደ ቆሎው እንለፍ። እናቱ በየወሩ ቆሎ ትልክለታለች። ከደሴ ወዲያ ካለች ትንሽ ከተማ በአውቶቡስ ረዳት እጅ የሚመጣ፣ ገብሱ ከሽምብራው የተቀላቀለ፣ ሱፍ ጣል ጣል ያለበት፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ዳቦ ቆሎ። በመጀመሪያው ዓመት ከረጢቱን አልጋው ሥር ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ በእፍኝ፣ ያውም በትንሽ እፍኝ ነበር የሚሰጠን። ስስታም እያልን እናማው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከረጢቱ ሲደርስ መሀል ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፈው ጀመር። «ብሉ፣ እኔን ሰልችቶኛል» ይላል። እኛ ደግሞ ትምህርት ያመጣለት ደግነት መሰለን። አንድ ዓመት ሙሉ የሰው እናት ቆሎ ስንቆረጥም፣ ባለቤቱ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ሲበላ፣ «አንተስ?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልተገኘም። እዚህ ላይ ባለፍንጭቱ ሊሰርዝ ብዕሩን አንስቶ ነበር፤ እምቢ አልነው። ይህ የሱ ጉድ ሳይሆን የኛ ነው።

ደሙን አይተናል። ጧት ጧት መታጠቢያው ላይ የሚተፋው አረፋ ቀይ ነበር፤ ትራሱም ላይ የደረቀ ነጠብጣብ ይታይ ነበር። «ብሩሹ ጠንክሮብኝ ነው» ይላል። የሁላችንም ድድ አልፎ አልፎ ይደማልና ነገሩን ከነስር አላስበለጥነውም። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ስለ ሰው አፍ ሽታ መጻፍ ደስ አይልም፤ ግን ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ሊደበቅ የሚችል ነገር አይደለም። ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ እሱም ያውቃል እኛም እናውቃለን፣ አንድ ማታ የማስቲካ ፓኬት ባለፍንጭቱ ትራስ ላይ አስቀምጦለት ተኛ። ጧት ሁላችንም ሳቅን። ባለፍንጭቱም ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍን ጀመር። ቆየና መሳቁንም ተወው። ቆየና ድድ ማስጫ መምጣቱንም ተወው። ያቺን ፍንጭቱን ያደነቀችለትን ልጅ ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እኛ «ኮራ» አልን። አንዳችንም «ፈላስፋ ሆነ» ብለናል፤ የዚያን ጊዜ ፍልስፍና እየወሰድን ነበር።

በድብቅ ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ጨው በለብታ ውኃ፣ ቅርንፉድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ መጉመጥመጥ፣ ሁሉንም አዳርሷል። ብሩሹ ሲያደማው ብሩሹን ተወ፤ ድዱ እንዲያርፍ ብሎ። ይህ ከስሕተቶቹ ሁሉ የከፋው ነበር፤ ብዙዎቻችን ግን በሱ ቦታ ብንሆን የምናደርገው እሱኑ ነው። የሚደማ ድድ የሚደማው ጥርሱ ሥር የተጋገረው ቆሻሻ ስላስቆጣው ነውና፣ ማጽዳቱን በተዉት ቁጥር ይብስበታል እንጂ አያርፍም። ከመድኃኒት ቤትም ሦስት ጊዜ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ውጧል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲሻለው ያቆማል፣ የተረፈውንም ለጉንፋን ለኛ ያድላል። እኛም ተቀብለን ውጠናል። እንዲህ ነበርን።

ለእናቱም በስልክ ነግሯት ነበር፤ ጠቅለል አድርጎ «ድዴን ያመኛል» ብሎ። አያቱ ከጎን ሆነው ሰምተው «ምናለ ቢነቀስ!» አሉ አሉ። ይህ ቀልድ አይደለም። የሰሜኑን አገር ሰው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ዛሬም አሉ። ጥላሸቱ በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ድዱ ውስጥ ይገባል፣ አፍ ያብጣል፣ እህል ለቀናት አይቀመስም፣ ከዚያ ድዱ ጠቁሮ ይቀርና ጥርሱ በዚያ ላይ በረዶ ይመስላል። የተነቀሱት ለውበት ብቻም አልነበረም፤ ድድ ያጠነክራል፣ መድማቱን ያቆማል እየተባለ ለሕመምም ይነቀሱ ነበር። የኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ጆሮ ይህን ሲሰማ ይቆማል። ስንት ግጥም ላይ የተነቀሰ ድድ አይተን «የውበት መግለጫ» ብለን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን ነጥብ አግኝተናል! ከዚያ ጥላሸት በታች የሚደማ ድድ ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ የለም። ጥላሸቱ ቀዩን ይሸፍነዋል እንጂ ከጥርሱ ሥር የተደበቀውን አያወጣውም።

ነገሩ የተገለጠልን በአንድ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ነው። ካፌ ውስጥ እንጀራ ሲጎርስ ድንገት ቆመ፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወጣ። ተከትለነው ስንሄድ መታጠቢያው ጋ አፉን ከፍቶ በጣቱ የታችኛውን መንጋጋውን ሲነቀንቅ አገኘነው። ጥርሱ እንደ ላላ የአጥር እንጨት ወዲህና ወዲያ ይላል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልነው። «ከገና ጀምሮ» አለ። ጊዜው ግንቦት ነበር።

መጀመሪያ የወሰድነው ስሙን ወደማንጠራው አንድ ክሊኒክ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ ብቻ። ሰውየው አፉን ለአንድ ደቂቃ አይቶ «አራት ጥርስ ይነቀል» አለ፤ ዋጋውንም ለእያንዳንዱ ነገረን። ራጅ አላነሣም፣ ምክንያቱን አልጠየቀም፣ ስለ ሌሎቹ ጥርሶች አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባለፍንጭቱ ወንበሩ ላይ ለመውጣት ተዘጋጅቶ ነበር። «ይነቀልና ልረፍ» ነው የሚለው። ከመካከላችን አንዱ ገንዘቡን ይዞ ስለነበር «መጀመሪያ እንማከር» ብሎ ጎትቶ አወጣው። ማስቲካውን ያስቀመጠው ሰው ነው። ለፍትሕ ሲባል ይህም ይጻፍለት።

ከዚያ የጥርስ ሐኪሞች ወደሚማሩበት ሆስፒታል ሄድን። ካርድ ለማውጣት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተሰለፍን፤ የገባነው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ከኛ በአምስት በስድስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ሁላችንም በሩ ላይ መደርደራችንን አይታ «እናንተ ደግሞ ምንድን ናችሁ?» አለች። «ዶርሙ ነን» አልናት። ሳቀችና ሁለታችንን አስገባች።

በሚሊሜትር መስመር የተሰመረበት ቀጭን ብረት አላት። ጫፉን በድዱና በጥርሱ መሀል ቀስ አድርጋ እያስገባች ቁጥር ትጠራለች፤ አንድ ተማሪ ይጽፋል። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ። «ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት...» ስትል እንተነፍሳለን። «ሰባት፣ ሰባት፣ ስምንት» ስትል ተማሪው ቀና ብሎ ያያል። ጤነኛ ድድ ከጥርሱ ጋር ያለው ክፍተት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን በኋላ ነው የነገረችን። ስምንት ማለት ብረቱ ሥሩን ይዞ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው፤ ብሩሽም መፋቂያም የማይደርስበት ጓዳ። ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየችን። በፊተኞቹ ታላላቅ መንጋጋዎች ዙሪያ አጥንቱ ጎርፍ የበላው የወንዝ ዳር መስሏል። በፊት ጥርሶቹም መሀል እንዲሁ። ያ ያመሰገንነው ፍንጭት እዚያ ላይ ጥቁር ሸለቆ ነበር።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ታጨሳለህ?»

«አላጨስም።»

«ስኳር በሽታ አለብህ ተብለህ ታውቃለህ?»

«የለብኝም።»

«በቤታችሁ በወጣትነቱ ጥርሱን የጨረሰ ሰው አለ?»

ባለፍንጭቱ ዝም አለ። ቆይቶ «እናቴ» አለ። እናቱ የታች መንጋጋዎቿን ያጣችው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ነው። «ልጅ በወለድኩ ቁጥር አንዳንድ ጥርስ ወሰዳችሁብኝ» እያለች ትቀልድባቸው ነበር። እነሱም አምነው፣ ትንሽም አዝነው ነው ያደጉት።

ሐኪሟ ያስረዳችንን በኛ ቋንቋ እንጻፈው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የድድ በሽታ አዝጋሚ ነው። ቆሻሻው ይጋገራል፣ ድንጋይ ይሆናል፣ ድዱ ይቆጣል፣ ዓመታት ሲቆይ አጥንቱ ይሸረሸራል፤ አርባና ሃምሳ ዓመት ላይ ይታያል። የባለፍንጭቱ ዓይነት ግን በጉርምስና ጊዜ ይጀምርና ይሮጣል። አፉ ሲታይ ይህን ያህል ቆሻሻ ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ሰው አይጠረጥርም። የሚመርጠውም የፊት ጥርሶችንና የመጀመሪያዎቹን ታላላቅ መንጋጋዎች ነው፤ ሰባት ዓመት አካባቢ ሌሎቹን ቀድመው የበቀሉትን ማለት ነው። በቤተሰብም ይሄዳል። ከተጠረጠሩት ተሕዋስያን ዋናው ስሙ አግሪጋቲባክተር አክቲኖማይሴተምኮሚታንስ ይባላል። ይህን ስም በአንድ ትንፋሽ መጥራት የቻለ ከዶርማችን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ግእዝ የተማረ ነው። ተሕዋሲው ሊከላከሉት የሚመጡትን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚገድል መርዝ ያመነጫል። ጄፒ2 የተባለው ዘሩ መርዙ ከሌሎቹ የበዛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሞሮኮ ውስጥ በተማሪዎች ላይ የተደረገ የሁለት ዓመት ክትትል ሲታተም፣ ይህን ዘር ብቻ በአፋቸው የተሸከሙት ልጆች ተሕዋሲው ከሌለባቸው ይልቅ የመታመም ዕድላቸው 18 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በባለፍንጭቱ አፍ ውስጥ የትኛው ዘር እንዳለ አልተመረመረም፤ ለሕክምናው አስፈላጊም አልነበረም።

የስም ነገር ስለሆነብን ስለ ስሙ ጥቂት ፈልገናል። በድሮ የሐኪሞች መጻሕፍት ይህ በሽታ የወጣቶች ተብሎ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1999 ጨካኝ የሚል ቅጽል ተሰጠው። እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ ጉባኤ ወዲህ ደግሞ ልዩ ስሙ ቀርቶ ከሌላው የድድ በሽታ ጋር አንድ ላይ ገብቷል፤ ጉዳቱ በደረጃ፣ ፍጥነቱ በፊደል ይመዘናል። የባለፍንጭቱ ካርድ ላይ «ደረጃ ሦስት፣ ሲ» ይላል። ሲ የፈጣኑ ምልክት ነው። «ኤ፣ ቢ፣ ሲ መሆኑ ነው፣ በሕይወቴ ሲ አግኝቼ አላውቅም» አለ፤ ከስንት ወር በኋላ ያሰማን የመጀመሪያ ቀልድ ነበር።

ከፍለጋችን መሀል ያገኘነውን አንድ ሰው ሳናነሣ አናልፍም፤ ጆን ሪግስ የሚባል የአሜሪካ ጥርስ ሐኪም። እ.ኤ.አ. በ1844 ሆራስ ዌልስ የሚያስቅ ጋዝ ስቦ ጥርሱን ሲያስነቅል፣ የነቀለለት ይህ ሪግስ ነው። በማደንዣ ታሪክ ውስጥ ስሙ በዚህ ይጠራል። እኛን የገረመን ግን ሌላው ሥራው ነው፤ የላላ ጥርስ መነቀል የለበትም፣ ከድዱ በታች ገብቶ ሥሩን መፋቅ ያድነዋል እያለ ተከራክሯል። በሽታውም ለብዙ ዘመን በስሙ ይጠራ ነበር። በነቃይነቱ የታወቀው ሰው «አትንቀሉ» ብሎ መከራከሩ ደስ ብሎናል። ከሱ በኋላ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ያ ክሊኒክ «አራት ይነቀል» ማለቱ ደግሞ አናዶናል።

ሕክምናው የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ የሚያሰለች ነው። መጀመሪያ ጥርስ መቦረሽ እንደገና ተማረ። በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ሐኪሟ መስተዋት አስይዛው፣ ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብሎ፣ ሳይጭን፣ ለስላሳ ብሩሽ። በጥርሶቹ መሀል የምትገባ ትንሽ ብሩሽም አለች፣ የጠርሙስ መጥረጊያ የምትመስል። ስለ መፋቂያ ጠየቅናት። «መፋቂያን አልንቅም፣ በደንብ ከተያዘ ያጸዳል፤ በጥርሶችህ መሀል ግን አይገባልህም» አለች። ከዚያ በአራት ቀጠሮ፣ አፉን በአራት ከፍላ፣ በማደንዣ እያደነዘዘች ከድዱ በታች ያለውን ሥር ፋቀችለት። አንዱ ቀጠሮ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሲመለስ ከንፈሩ ተንጠልጥሎ፣ ሻይ ሲጠጣ ደረቱ ላይ እየፈሰሰ እንስቅበት ነበር። በዚህኛው ሳቅ እሱም ነበረበት።

መድኃኒትም ታዘዘለት። ያው አሞክሳሲሊን፣ ከሜትሮኒዳዞል ጋር። ባለፍንጭቱ ተናደደ። «እኔ እኮ ይህን ሦስት ጊዜ ውጫለሁ!» አለ። ሐኪሟም ኮስተር ብላ ነገረችው። ተሕዋስያኑ ሥሩ ላይ ተጣብቀው፣ ተደራርበው፣ እንደ ዝቃጭ ተጋግረው ነው የሚኖሩት። ያ ንጣፍ ሳይፈርስ መድኃኒት ቢዋጥ ከላይ ከላይ ያለውን ይገድልና ቤቱን አይነካም፤ ትንሽ ይሻላል፣ ከዚያ ይመለሳል። በየመሀሉ ማቋረጡ ደግሞ የተረፉትን መድኃኒቱን ያለማምዳቸዋል። መጀመሪያ ቤቱ ይፈርሳል፣ ከዚያ መድኃኒቱ ይገባል፣ እስከ መጨረሻው ቀን ይዋጣል። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ለዚህ በሽታ መሰጠት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ለሁሉም የድድ ሕመምተኛ ሳይሆን እንደ እሱ ላለው። «መጠጥ ደግሞ የለም» አለችው፤ ሜትሮኒዳዞል ከአልኮል ጋር አይሄድምና። ያ ሳምንት የአንድ ጓደኛችን የእኅት ሠርግ ሳምንት ነበር። ባለፍንጭቱ ጠጁን እያየ ሚሪንዳ ሲጠጣ ያደረ ብቸኛ ሚዜ ሆነ።

አንድ ጥርስ አልተረፈም። ያ በግንቦት ሲነቀነቅ ያየነው የታች መንጋጋ ሥሩን የያዘለት አጥንት ስላልነበረ ተነቀለ። ጥርሱን በጥጥ ጠቅልላ ሰጠችው። ዶርም አምጥቶ አሳየን፤ ምንም ቀዳዳ የሌለበት፣ ነጭ፣ ጤነኛ ጥርስ ነው። ይህ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ጥርስ የሚወድቀው ሲበሰብስ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ይኸኛው ምንም ሳይሆን፣ ቆሞበት የነበረው መሬት ከድቶት ነው የወደቀው።

በሦስት ወሩ ቁጥሮቹ እንደገና ተጠሩ። በዚህ ጊዜ ሦስታችን ነን የገባነው። ስምንቱ አራት ሆኗል። ሰባቶቹ ሦስትና አራት። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ስድስት ቀረ፤ እሱን ድዱን ገልጣ እያየች በቀዶ ጥገና አጸዳችው። መድማቱ ቆሟል፣ ሽታው ጠፍቷል። ይሁንና የሄደው አጥንት እንዳለ አልተመለሰም፣ አይመለስምም፤ ዋናው የቀረውን ማቆየት ነው። እብጠቱ ሲጎድል ድዱ ወደ ላይ ስለ ሸሸ ጥርሶቹ ረዝመው ይታያሉ፣ ቀዝቃዛ ውኃም ይጠዘጥዛቸዋል። ፍንጭቱም እንዳለ ነው። በየሦስት ወሩ ይታያል፤ ለስንት ጊዜ ብሎ ቢጠይቃት «ጥርስ እስካለህ ድረስ» አለችው።

ገንዘቡ ከየት መጣ ለምትሉ፣ ከፎቶ ኮፒ ነው የመጣው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ አንድ ሃንድአውት ለስድስት አነበብን። የዚያን ሴሚስተር ውጤታችንን ባትጠይቁን ደስ ይለናል።

የመጀመሪያው ዕለት ሐኪሟ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ግን አልተዘጋም ነበር። «እኅት ወንድም አለህ?» ብላው «አንዲት እኅት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው» ብሎ መልሷል። «ትታይ» አለች። እሱም ሰምቶ ዝም አለ፤ በራሱ አፍ ተጠምዶ ከረመ። በመስከረም እናቱ በስልክ ፎቶግራፍ ላከችለት። እኅቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ አደይ አበባ ይዛ፣ አፏን ሞልታ ትስቃለች። ከሥሩ እናቱ ለጎረቤት ልጅ አስጽፋ «የሷም ፍንጭት ወጣላት፣ እንዳንተ» ብላለች። ባለፍንጭቱ ስልኩን ለየተራ አሳየንና ወጥቶ ሄደ። ድድ ማስጫ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘነው።

ለእናቱ መንገሩ ከባድ ነበር። አጠገቡ ነበርንና ሰምተናል። «እማዬ፣ ልጅቱ ትምጣና ትታይ» ሲላት «ምን ሆነችና? ምኗንም አላመማት» ትላለች። አያመምም፤ ክፋቱም እሱ ነው። «እማዬ፣ ጥርስሽን የወሰድነው እኛ አይደለንም» አላት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ፍንጭቷን ሊያጠፉባት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ልጅቱ በጥቅምት መጣች፤ ከአውቶቡስ ተራ ሦስት ሆነን ተቀበልናት። ሐኪሟ ቁጥሮቹን ስትጠራ ባለፍንጭቱ እንደ ፈተና ውጤት በጣቱ ይቆጥር ነበር። አራት ቦታ ላይ አምስት፣ አንድ ቦታ ላይ ስድስት፤ ሌላው ሁሉ ሁለትና ሦስት። የሚነቃነቅ ጥርስ የለም። «በጊዜው ነው» አለች ሐኪሟ፣ ጓንቷን እያወለቀች። የመጀመሪያው ፋቂ ለማግስቱ ተቀጠረ። ልጅቱ ስትወጣ ማደንዣውን ፈርታ ታለቅስ ነበርና ወንድሟ ከንፈሩ ተንጠልጥሎ ሻይ ሲያፈስ በማስመሰል አሳቃት፤ እጁን አፉ ላይ ሳያደርግ።

ከእናቷ ቆሎ ይዛ መጥታ ነበር፤ ትልቅ ከረጢት፣ ዳቦ ቆሎም አለበት። ባለፍንጭቱ ተቀብሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተና ቆለፈው። ማታ ከፍቶ ለየአንዳንዳችን በእፍኝ፣ ያውም በትንሽ እፍኝ፣ ሰጠን።